የሰማዩ ባቡር ወረፋ

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1949 የወጣው «ሄቨንሊ ፐስ» የተባለው የቶምና ጄሪ ፊልም 8 ደቂቃ አይሞላም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ድመቱ ይሞታል፣ ወደ ሰማይ ይወጣል፣ የሠራው ሁሉ ይነበብበታል፣ ቀነ ገደብ ይሰጠዋል፣ ይቅርታ ይለምናል፣ ይረፍድበታል፣ እሳት ውስጥ ይወድቃል፣ ከዚያም ይነቃል። ይህንኑ ታሪክ ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ያልበቃቸው ፊልሞች አሉ።

ፊልሙን ከልጆችም ከአዋቂዎችም ጋር አይቼዋለሁ። ታሪኩን ከለመድኩት በኋላ ዓይኔ ከስክሪኑ ይልቅ ወደ ሶፋው መሄድ ጀመረ። ሰው የሚስቅበት ቦታ አይለዋወጥም። ዝም የሚልበትም እንደዚያው። ልጅ የሚስቅበት ቦታ ላይ አዋቂ ዝም ይላል፤ አዋቂ የሚስቅበት ላይ ልጅ ግራ ይገባዋል። ይህ ሁሉ በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም። አንድ ሰው ተቀምጦ ለክቶታል።

ከፒያኖው እንጀምር። ጄሪ ደረጃውን ሽቅብ እየሮጠ ነው። ቶም ምንጣፉን ይዞ ይጎትታል። ሐሳቡ ልክ ነው፤ ምንጣፍ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ከምንጣፉ ጋር ይመጣል። ችግሩ ላይ ቤት ፒያኖ መኖሩ ነው። ፒያኖው ደረጃውን ቁልቁል ይንሸራተታል፤ ድመቱን ከግድግዳው ጋር ያጣብቀዋል። ልጆቹ እዚህ ላይ ይስቃሉ፤ ደግሞም ልክ ናቸው። ቶምና ጄሪ እ.ኤ.አ. በ1940 ለመጀመሪያ ጊዜ ከታዩ ጀምሮ ድመቱ ተጨፍልቋል፣ ተቃጥሏል፣ ፈንድቶበታል፤ በሚቀጥለው ምስል ግን ተነስቶ ይሮጣል። ተመልካቹ ይህን ሕግ ያውቃል። ለዘጠኝ ዓመት ተለማምዶታል። እዚህ ግን ድመቱ አይነሳም። ሳቁ እንደተጀመረ መሀል ላይ ይቆማል፤ ምክንያቱም ግድግዳው ሥር ከቀረው ገላ ውስጥ ሌላ ቶም እየወጣ ነው፤ በዚህኛው ቶም ውስጥ ደግሞ ከኋላው ያለው ግድግዳ ይታያል።

ይህ ብርሃን የሚያሳልፍ ቶም ዛሬ በኮምፒውተር የአንድ ቁልፍ ሥራ ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራበት የተለመደው መንገድ ድርብ ቀረጻ ነበር። በመጀመሪያ የጀርባው ሥዕል ብቻውን፣ በተቀነሰ ብርሃን ይቀረጻል። ፊልሙ ካሜራው ውስጥ እንዳለ ወደ ኋላ ይጠቀለላል። ከዚያ የነፍሱ ሥዕል ተደርቦ በዚያው ፊልም ላይ እንደገና ይቀረጻል። የሁለቱ ብርሃን ሲደመር አንድ ሙሉ ቀረጻ መሆን አለበት። የኋለኛው ከበዛ ነፍሱ እንደ ገላ ይደፈናል፤ ካነሰ ይጠፋል። ካሜራ ያዡ ምስሎቹን ሲቆጥር አንድ ከዘለለ ደግሞ ነፍስና ግድግዳ አይገጥሙም። ተመልካቹ ግን የሚያስበው ስለዚህ ሁሉ አይደለም። «እንዴ፣ ሞተ!» ነው የሚለው።

ከሥሩ ያለው ሥራ ሁሉ በእጅ ነው። እንቅስቃሴው ወረቀት ላይ በእርሳስ ይሳላል። እያንዳንዱ ወረቀት ጠርዙ ላይ ተመሳሳይ ቀዳዳዎች አሉት፤ ሁሉም በአንድ ዓይነት ችንካር ላይ ስለሚሰካ ሥዕሉ ከሥዕሉ አይዛነፍም። የተጠናቀቀው መስመር ወደ ግልጽ ሴሉሎይድ በቀለም ብዕር ይገለበጣል። ሴሉሎይዱ ይዞርና ቀለሙ ከጀርባው ይቀባል፤ መስመሩ ሳይነካ ከላይ እንዲቀር። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ያልፋል። አንድ ሥዕል ብዙውን ጊዜ ለሁለት ምስል ያገለግላል፤ እንቅስቃሴው ሲፈጥን ግን ለእያንዳንዱ ምስል አዲስ ሥዕል ይፈለጋል። በዚህ ፊልም ላይ ስማቸው የሰፈረው አኒሜተሮች አራት ናቸው፦ ሬይ ፓተርሰን፣ ኧርቨን ስፔንስ፣ ኬኔት ሚዩዝ እና ኤድ ባርጅ። ከኋላቸው መሀል መሀሉን የሚሞሉ፣ የሚገለብጡና የሚቀቡ ሌሎች ብዙ እጆች ነበሩ።

ከላይ ያሉት ሁለቱ ዳይሬክተሮች ዊልያም ሃና እና ጆሴፍ ባርቤራ ናቸው። የሥራ ክፍፍላቸው የታወቀ ነው። ባርቤራ ይስላል፤ ቀልዱን ይፈጥራል፣ አቋቋሙንና ፊቱን ይነድፋል። ሃና ይለካል። አንድ ቅንድብ ስንት ምስል ያህል ከፍ ብሎ እንደሚቆይ፣ ከድንጋጤ እስከ ጩኸት ስንት ምት እንደሚያልፍ የሚወስነው እሱ ነው። የሙዚቃ ጆሮ ስለነበረው ልኬቱን እንደ ኖታ በምት ከፋፍሎ ይጽፈው ነበር። በብዙዎቹ ፊልሞች ላይ የምንሰማው የቶም ጩኸትም የራሱ የሃና ድምፅ ነው፤ የጩኸቱን ርዝመት የሚለካው ሰው ራሱ ጮኸው ማለት ነው። ሙዚቃውን የጻፈው ስኮት ብራድሊ ልኬቱን ተቀብሎ በዚያው ላይ ለሙሉ ኦርኬስትራ ይጽፋል። እግር ሲያርፍ ድምፅ ያርፋል፤ ዓይን ሲዞር ቫዮሊኑ አብሮ ይዞራል።

ነፍሱ በወርቃማ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ሽቅብ ይወጣል። ደረጃው ልክ ትልልቅ መደብሮች ውስጥ እንዳለው ዓይነት ነው፤ ቶም መራመድ አያስፈልገውም። እምቢ ማለትም አይችልም። ደረጃው የሚያበቃው ባቡር ጣቢያ ላይ ነው። የገነት በር የለም፤ ያለው ባቡር፣ ወረፋ፣ መዝገብና መዝገቡን የያዘ የጣቢያ ሠራተኛ ድመት ነው። ቶም ከወረፋው ኋላ ይቆማል።

ይህ ወረፋ በፊልሙ ውስጥ እጅግ የተዋጣ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሰማዩ ጠቅላላ እዚህ ነው የተሠራው። ሠራተኛው ስም ይጠራል፣ የመጣበትን ምክንያት ይጠይቃል፣ ያሳልፋል። አንዱ ድመት አጥር ላይ ሆኖ ሲዘፍን የልብስ ካውያ ተወርውሮበት የመጣ ነው። ሌላው፣ ጥቁር ድመት፣ ከቡልዶግ ጋር ተደባድቦ ተሸንፏል። አንዱ ደግሞ የመንገድ መዳመጫ ሮለር ሄዶበት እንደ ወረቀት ጠፍጣፋ ሆኗል። ሁሉም አሟሟታቸውን ለብሰው ነው የመጡት። ማን ምን እንደሆነ ለማወቅ እንግሊዝኛ መስማት አያስፈልግም፤ ገላቸው ላይ ተጽፏል። ልጆች በእያንዳንዱ ይስቃሉ። ሳቁ እየተጠጋጋ ይመጣል፤ ምክንያቱም ሥርዓቱ ገብቷቸዋል፦ አንድ ድመት፣ አንድ አደጋ፣ ማለፍ።

ቀጥሎ ጆንያ ይመጣል።

ጆንያው እርጥብ ነው። ከውስጡ ሦስት ግልገሎች ይወጣሉ፤ ስማቸው ፍላፍ፣ ማፍ እና ፓፍ ነው። ከዚያ አንድም ነገር አይብራራም። ሠራተኛው፣ የሰው ልጅ የማያደርገው የለም በሚል ስሜት፣ አጭር ቃል ተናግሮ ያሳልፋቸዋል። ወረፋው ይቀጥላል።

ይህ ጥቂት ሰከንድ ነው። ያላስፈለጉ የድመት ግልገሎችን ጆንያ ውስጥ ከትቶ ውኃ ውስጥ መጣል ፊልሙ በተሠራበት አገር የታወቀ ነገር ነበር፤ እ.ኤ.አ. የ1949 አዋቂ ተመልካች ሳይነገረው ይገባዋል። የእኛም አዋቂ ይገባዋል። እዚህ ላይ የሚሆነውን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ልጆቹ ግልገሎቹን አይተው ፈገግ ይላሉ፤ ትንንሽና የሚያምሩ ናቸዋ። አዋቂዎቹ መሳቅ ጀምረው ያቆማሉ። አንዱ ልጅ «ለምን ረጠቡ?» ብሎ ይጠይቃል። መልስ የሚሰጠው አይገኝም፤ ወይም «ዝናብ መትቷቸው» ይባላል።

ጥበቡ ያለው በተቀነሰው ላይ ነው። ወንዝ አልተሳለም። ወርዋሪ እጅ የለም። ግልገሎቹ አያለቅሱም። አሳዛኝ ሙዚቃ ቢጨመር ኖሮ ፊልሙ ቀልድ መሆኑ እዚያው ባበቃ ነበር። የጆንያው እርጥበት ብቻ ቀረ። ቦታውም ተመርጧል። ከካውያውና ከሮለሩ በፊት ቢመጣ ማንም ከዚያ በኋላ አይስቅም። ከነሱ በኋላ ሲመጣ፣ ሳቅ የለመደ አፍ እንደተከፈተ ይቀራል። ከግልገሎቹ በኋላ ተራው የቶም ነው። ስለዚህ ቶም ሠራተኛው ፊት ሲቆም ጣቢያው ያው ጣቢያ አይደለም፤ ሞት እውነት ሆኗል፤ አሁን የሚጠየቀው ጥያቄም የምር ነው። የወረፋው ቀልድ ሁሉ ለዚህ መንገድ ይጠርግ ነበር።

መዝገቡ ይገለጣል። ቶም ዕድሜውን ሙሉ አንድ ምስኪን አይጥ ሲያሳድድ ኖሯል፤ በዚህ መዝገብ ማለፍ አይችልም። ነገር ግን ባቡሩ ሊነሳ አንድ ሰዓት ይቀረዋል። በዚህ ሰዓት ውስጥ ከጄሪ የይቅርታ ወረቀት አስፈርሞ ከመጣ ይሳፈራል። ወረቀቱ የተዘጋጀ ነው፤ የሚቀረው ፊርማ ብቻ ነው።

አገራችን ውስጥ ፊልሙን ካየ አዋቂ ሁሉ ትልቁ ሳቅ የሚመጣው እዚህ ነው። በሰማይም ቅጽ! ጉዳይ ለማስፈጸም ቢሮ የተመላለሰ ሰው የቶምን ፊት ሲያይ ራሱን ያያል፤ ተስፋ ተሰጥቶት ነገር ግን አንድ ወረቀት የጎደለው ሰው ፊት። እኔን የሚገርመኝ ማህተም አለመጠየቁ ነው።

ኢትዮጵያዊ ተመልካች ግን ከቢሮው ሌላ የሚያስታውሰው ነገር አለ። በተአምረ ማርያም ያለው የበላዔ ሰብእ ታሪክ በየካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት ዕለት ይነገራል፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳም ላይ ተስሏል። ሰባ ስምንት ነፍስ የበላው ሰው ለአንድ ለተጠማ ድውይ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ሰጠ። ሲሞት ነፍሱ በሚዛን ተቀመጠች። ውኃው ቀለለ፤ የእመቤታችን ጥላ ሲያርፍበት ግን ሚዛኑን ደፋ። በሥዕሉ ላይም አንድ ቅጽበት ነው የተመረጠው፤ ሚዛኑ የሚያዘነብልበት። የሳለው ሰው እንደ ሃና በሰከንድ አይለካም፤ ቦታን ነው የሚለካው። እኩያኑን በአንድ ዓይን፣ ከጎን፣ ጻድቃኑን በሁለት ዓይን፣ ከፊት ይስላቸዋል፤ ማን የማን ወገን እንደሆነ ያላነበበም ያውቃል። አሟሟቱን ለብሶ የመጣው ድመትና ባለአንድ ዓይኑ ሰይጣን የአንድ ዓይነት ሙያ ውጤት ናቸው፤ ነገሩ ሳይነገር በቅርጽ ይታወቃል።

ልዩነቱም ያንኑ ያህል ግልጽ ነው። የበላዔ ሰብእ መዝገብ ላይ አንድ በጎ ሥራ ተገኘ፤ አማላጅም ነበረችው። በቶም መዝገብ ላይ በጎ ሥራ ይፈለግ የሚል የለም። አማላጅም የለም። ያለው ተበዳዩ ብቻ ነው፤ ቁልፉም በተበዳዩ እጅ ነው። ፊልሙ ጠቅላላ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው፤ አይጡ በአንድ ጊዜ ዳኛ ሆነ።

ካልሆነስ? ሠራተኛው ለቶም ሲኦልን በመመልከቻ ያሳየዋል። ሰይጣኑ ቡልዶግ ነው። የድመት ሲኦል ውስጥ ሰይጣን ሌላ ምን ሊሆን ይችላል! የሚንተከተክ ጎላ አጠገብ ቆሞ ላክልኝ እያለ ይጮኻል። ልብ በሉ፤ ቶምና ጄሪ አይናገሩም። በዚህ ፊልም ውስጥ አፍ አውጥተው የሚናገሩት በዋናነት ሁለቱ ባለሥልጣናት ናቸው፤ የላይኛውና የታችኛው። ባለጉዳዩ በእጁና በዓይኑ ይለምናል። ይህ የቶምና ጄሪ ፊልሞች የቆየ ልማድ ነው፤ እዚህ ግን ትርጉም ያገኘ ይመስለኛል።

የሚቀጥሉት ደቂቃዎች የልመና ናቸው። ቶም ኬክ ይዞ ይመጣል። ይሸነግላል፣ ይለማመጣል፣ ይናደዳል፣ እንደገና ይለማመጣል። እውነቱን ለመናገር ይህ ክፍል ከወረፋው ያነሰ ነው። የልመናው ቀልዶች በሌላ የቶምና ጄሪ ፊልም ውስጥም ሊገቡ የሚችሉ ናቸው፤ ወረፋው ግን ሌላ የትም አይገባም። ያም ሆኖ አንድ ነገር ከፍ ያደርገዋል። በሌሎቹ ፊልሞች የቶም ፈገግታ ሁልጊዜ ወጥመድ ነው። እዚህ ፈገግታው እውነት ነው፤ ጄሪ ግን ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። አኒሜተሩ ያንኑ ፈገግታ፣ ያንኑ ጥርስ መሳል አለበት፤ ዓይኑ ላይ ብቻ ፍርሃት ይጨምራል። ቅንድቡ መሀል ላይ ከፍ ብሎ ዳር ዳሩ ይወርዳል። ለአንድ ፊት ሁለት ሥራ ነው።

በአክስቴ ቤት ይህን ክፍል ስናይ አክስቴ ኬኩን አልወደዱትም።

«ይቅርታ በኬክ ነው እንዴ የሚለመነው? ምናለ ሽማግሌ ቢልክ?»

«እማማ፣ ድመት ሽማግሌ የለውም እኮ» አለ የልጅ ልጃቸው።

«እንዴት የለውም? ያ ጥቁሩስ?»

«እሱማ ሞቷል!»

«ይሄስ መች ተረፈ!»

ከዚያ በኋላ ያለውን ትንሽ ክፍል ማንም አልሰማም፤ ክፍሉ በሙሉ ይስቅ ነበር። አክስቴ ግን ቀልድ መናገራቸው አልነበረም። በደለኛ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ ሲመጣ ያዩ ሰው ናቸው። ኬኩን ጉቦ ነው ያሉት፤ ፊልሙም ከሳቸው ጋር ነው፤ ኬኩ አልሠራም። የሠራው ሌላ ነው። ቶም በመጨረሻ ማታለሉን ትቶ ነገሩን እንዳለ ለጄሪ ያስረዳል፤ ካልፈረምክ ወደየት እንደምሄድ ይኸው። ጄሪ ያስባል። ይፈርማል።

እዚህ ጋ ተመልካቹ ተንፍሶ ይቀመጣል። ሃና ሰዓቱን የሚያስቆጥረው ለዚህ ነው። ፊርማው የመጣው ባቡሩ ሊነሳ ሲል ነው። ቶም ወረቀቱን ይዞ ይሮጣል፤ ባቡሩ ይሄዳል። ደመናው ከሥሩ ይከፈታል፤ ቶም ይወድቃል፤ ከታች ጎላው አለ። ልጆች በዚህ ይቆጣሉ። «ተፈርሟል እኮ!» ይላሉ። ቁጣቸው ልክ ነው፤ ፊልሙም እንዲቆጡ ነው የሚፈልገው። ሳቅና ፍርሃት እስካሁን ተራ በተራ ሲመጡ ነበር፤ እዚህ ተመልካቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ለድመቱ ጥብቅና ይቆማል። ከጥቂት ደቂቃ በፊት በጨፈለቀው ፒያኖ የሳቁት እነዚሁ ልጆች ናቸው።

ከዚያ ምድጃው። ቶም እሳት ዳር ተኝቶ ነበር፤ ፍም ተፈናጥሮ እያቃጠለው ነው። የሲኦሉ እሳት ይህ ነበር። ሕልም ነበር ብሎ መውጣት ርካሽ መውጫ እንደሆነ አውቃለሁ። ዲዝኒም እ.ኤ.አ. በ1935 «ፕሉቶስ ጀጅመንት ደይ» ላይ ውሻውን በሕልሙ በድመቶች ፍርድ ቤት አቁሞታል። እዚህ መውጫውን የሚያድነው መገጣጠሚያው ነው። ወደ እሳት የሚወድቀው ቶምና ከእሳት የሚነሳው ቶም በአንድ ሕመም ተያይዘዋል፤ ሕልሙና ንቃቱ የሚጋሩት አንድ ፍም አላቸው። መገጣጠሚያው ጠባብ ስለሆነ ስፌቱ አይታይም።

ቶም ነቅቶ በቀጥታ ወደ ጄሪ ቀዳዳ ይሮጣል። ያቅፈዋል፤ ይስመዋል። ጄሪ ምንም አልገባውም። አኒሜተሩ ለመጨረሻ የተሰጠው ሥራ ይህ ነው፤ ከደቂቃ በፊት ወረቀት የፈረመው አይጥ ምንም እንዳልፈረመ ሆኖ መሳል አለበት። ዓይኖቹ ይከፈታሉ፤ ገላው በድመቱ እቅፍ ውስጥ ደርቆ ይቀራል። የሚሸሽም አይደለም፣ የሚያቅፍም አይደለም። ያ አንድ አቋቋም በትንሹ ወደ ፍቅር ቢያዘነብል ጄሪ ሕልሙን አብሮ አይቷል ማለት ይሆን ነበር፤ ወደ ፍርሃት ቢያዘነብል ደግሞ ቶም ይቅርታ ያላገኘ ይመስል ነበር። ፊልሙ በሁለቱ መካከል አስቀምጦት ያልቃል። ልጆቹም ተከራክረው አይጨርሱም፤ ትልቋ «በሕልም ፈርሟል» ትላለች፣ ትንሹ «በሕልም የተፈረመ አይቆጠርም» ይላል፤ ቀጣዩ ፊልም ተጀምሮ ቶም ጄሪን ማሳደድ ሲጀምር ትንሹ ጣቱን ወደ ስክሪኑ ቀስሮ «አላልኩም?» አለ።